የመረጃ ቋት ፕሮግራሞች የማዘጋጃ መልእክት አቀራረጽ፤ ከሥርዓተ ትምህርት አንጻር

1. መግቢያ

የተማሪዎች መዝገብ፣ የፈተና ውጤትና የመምህራን ምደባ በየትምህርት ቤቱና በየትምህርት ጽሕፈት ቤቱ ከወረቀት ወደ ኮምፒዩተር በመዛወር ላይ እንደሚገኝ ይታወቃል። ለዚህ ሥራ ከሚያገለግሉት መሣሪያዎች ዋነኛው የመረጃ ቋት ፕሮግራም ነው። የመረጃ ቋት ማለት በሰንጠረዥ ተደራጅቶ የተቀመጠ፣ በተፈለገ ጊዜም ተጣርቶ የሚወጣ የመዝገብ ክምችት ማለት ነው። ለዚህ ተግባር ከሚውሉት ፕሮግራሞች መካከል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በበርክሌይ በ1986 እ.ኤ.አ. በተጀመረ ጥናት ላይ የተመሠረተው ፖስትግሬስኪውኤል፣ በ1995 እ.ኤ.አ. ለመጀመሪያ ጊዜ የወጣው ማይኤስኪውኤል እና በ2000 እ.ኤ.አ. የተጀመረው ኤስኪውላይት ይገኙባቸዋል። ሦስቱም ያለ ክፍያ ሊገኙ የሚችሉ ስለሆኑ በጀታቸው አነስተኛ ለሆነ ተቋማት ተስማሚ ናቸው።

ይሁን እንጂ እነዚህ ፕሮግራሞች ለመጀመሪያ ጊዜ ሲዘጋጁ ብዙውን ጊዜ ሥዕል በሌለበት፣ ጽሑፍ ብቻ በሚታይበት መስኮት ነው። ተጠቃሚው አንድ ትእዛዝ ይጽፋል፤ ፕሮግራሙም በጽሑፍ ይመልስለታል። ይህ አሠራር የትእዛዝ መስመር ይባላል። ተጠቃሚው ብቻውን ሲሆን፣ ፕሮግራሙ የሚመልስለት መልእክት መሪውም፣ አስተማሪውም፣ አስጠንቃቂውም እርሱ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ እንዲህ ያሉ መልእክቶች እንዴት ቢቀረጹ ተጠቃሚውን እንደሚረዱ በምሳሌ ማስረዳት፣ መምህራንና የትምህርት ዕቅድ አውጪዎችም በዚህ ረገድ ሊያደርጉ የሚችሉትን ማመልከት ነው። ዋና ሐሳቡም ባጭሩ የሚከተለው ነው፦ የማዘጋጃ መልእክት መምህሩ በሌለበት የሚሰጥ አጭር ትምህርት ነው፤ ስለዚህ መመዘን ያለበት ማንኛውም ትምህርት በሚመዘንበት መለኪያ ነው።

2. አንድ አጋጣሚ

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ በአስተባባሪነት በተገኘበት አንድ አጭር ሥልጠና ላይ፣ የአንድ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ሬጂስትራር የሆኑ ሠልጣኝ ኤስኪውላይትን ከፍተው ሰንጠረዥ ካዘጋጁ በኋላ የ64 ተማሪዎችን ስምና የመንፈቀ ዓመት ውጤት ሲያስገቡ አረፈዱ። ለምሳ ሲወጡም መስኮቱን ዘጉት። ከምሳ መልስ ሲከፍቱት አንድም ስም አልነበረም። ሠልጣኟ የተናገሩት «ጥፋቱ የእኔ ነው፤ ኮምፒዩተር ለእኔ አይሆንም» የሚል ነበር። የዚያን ቀን ከሰዓት በኋላ ያመጡትን የወረቀት መዝገብ ዘርግተው ከመቀመጥ በቀር ኮምፒዩተሩን አልነኩም።

ነገሩ ሲመረመር ግን ፕሮግራሙ ዝም አላለም ነበር። ኤስኪውላይት የፋይል ስም ሳይሰጠው ሲከፈት፣ የተገናኘው በኮምፒዩተሩ ሜሞሪ ውስጥ ብቻ ካለ ጊዜያዊ የመረጃ ቋት ጋር መሆኑን በእንግሊዝኛ ይገልጻል። በቋሚ ፋይል ላይ ለመሥራት የትኛውን ትእዛዝ ከፋይሉ ስም ጋር መጻፍ እንደሚገባም ያክላል። ይህ በብዙ መልኩ መልካም መልእክት ነው። አጭር ነው፤ በወቅቱ ይመጣል፤ መፍትሔውንም ይሰጣል። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ይኸውም በተጠቃሚው ሥራ ላይ የሚያስከትለውን ውጤት በግልጽ አለመናገሩ ነው። ሠልጣኟ «ጊዜያዊ» ለማለት የገባውን የእንግሊዝኛ ቃል ከዚያ በፊት አላጋጠማቸውም። «ሜሞሪ» የሚለውን ግን የሚያውቁት «ማስታወስ» በሚለው ትርጉሙ ስለነበረ፣ የሚያስታውስ ነገር አይረሳም ብለው አመኑት። ቃሉ ሊያስጠነቅቅ ሲገባው አጽናናቸው።

«መስኮቱ ሲዘጋ ያስገቡት ሁሉ ይጠፋል» የሚል አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ቢታከልበት ኖሮ የግማሽ ቀን ድካም ባልባከነ ነበር። በዚያን ዕለት ስሞቹ በወረቀት ላይ ስለነበሩ ጉዳቱ ቀላል ነው። የወረቀቱ መዝገብ በሌለበት ቦታ ቢሆን ግን የ64 ልጆች ውጤት አብሮ በጠፋ ነበር። ከሁሉ የከፋው ደግሞ አንዲት ትጉህ ሠራተኛ የመልእክቱን ጉድለት የራሳቸው ድክመት አድርገው መቀበላቸው ነው።

3. ሦስቱ ጥያቄዎች

አሜሪካዊው የኮምፒዩተር ሳይንስ ምሁር ቤን ሽናይደርማን በ1982 እ.ኤ.አ. ስለ ኮምፒዩተር መልእክቶች አቀራረጽ ባሳተሙት ጽሑፍ፣ መልእክት ነገሩን ለይቶ የሚናገር፣ ተጠቃሚውን የማይወቅስና ወደ መፍትሔ የሚመራ መሆን እንዳለበት አስገንዝበዋል። ይህ ምክር ለመምህር አዲስ አይደለም። የተማሪን ደብተር ሲያርም «ተሳስተሃል» ብቻ ብሎ የሚያልፍ መምህርና ስሕተቱ የት ላይ እንደሆነ አመልክቶ ማረሚያውን የሚያሳይ መምህር ልዩነታቸው የታወቀ ነው።

ከዚህ በመነሣት ማንኛውም የማዘጋጃ መልእክት ሦስት ጥያቄዎችን መመለስ ይኖርበታል፦

ሀ) ምን ሆነ?
ለ) በሥራዬ ላይ ምን ያስከትላል?
ሐ) ቀጥሎ ምን ላድርግ?

የፖስትግሬስኪውኤል አዘጋጆች ለመልእክት አጻጻፍ የወጣ የተጻፈ መመሪያ አላቸው። በመመሪያቸው መሠረት መልእክት ሦስት ክፍሎች ሊኖሩት ይችላል። እነርሱም የሆነውን በአጭሩ የሚናገር ዋና መልእክት፣ አስፈላጊ ሲሆን የሚጨመር ዝርዝርና ምን ማድረግ እንደሚቻል የሚጠቁም ፍንጭ ናቸው። ይህ አከፋፈል እጅግ ጠቃሚ ነው። ከላይ ከተዘረዘሩት ጥያቄዎች አንደኛውንና ሦስተኛውን በሚገባ ይሸፍናል። ሁለተኛው ጥያቄ ግን የራሱ ቦታ ስላልተሰጠው ሳይመለስ የሚቀርበት ጊዜ አለ። የሚከተሉት ምሳሌዎች ይህን ያስረዳሉ።

የመጀመሪያው ምሳሌ ስለ መግቢያ ፈቃድ ነው። የፖስትግሬስኪውኤል ማዘጋጃ ትእዛዝ ያለ ተጨማሪ ምርጫ ሲሠራ፣ በዚያው ኮምፒዩተር ላይ ለሚደረግ ግንኙነት «ትረስት»፣ ማለትም «እምነት»፣ የተባለውን የፈቃድ ዓይነት እንደ ሠራ በማስጠንቀቂያ ይገልጻል። ይህን ለመለወጥ የትኛው ፋይል መታረም እንዳለበትም በፍንጭ ይናገራል። የሆነው ተነግሯል፤ የሚደረገውም ተነግሯል። ያልተነገረው ግን ዋናው ነገር ነው፤ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ የሚቀመጥ ማንኛውም ሰው ያለ ይለፍ ቃል በማንኛውም ተጠቃሚ ስም መግባት ይችላል። ሠላሳ ተማሪዎች በሚፈራረቁበት የኮሌጅ ቤተ ሙከራ ውስጥ ይህ ማለት የፈተና ውጤት በር ያለ ቁልፍ ተከፍቶ አደረ ማለት ነው። «እምነት» የሚለው ቃል ደግሞ መልካም ነገር ስለሚመስል ጀማሪው ደስ ብሎት ያልፈዋል።

ሁለተኛው ምሳሌ ከዚህም ይበልጥ ጥንቃቄ የሚሻ ነው። አንድ ሰው የማዘጋጃውን ትእዛዝ ባዶ ባልሆነ ፎልደር ላይ ቢሰጥ ፕሮግራሙ በትክክል ይከለክለዋል። የሚሰጠው ፍንጭም ፎልደሩን ማጥፋት ወይም ባዶ ማድረግ፣ አለዚያም ሌላ ፎልደር መጥቀስ እንደሚቻል የሚገልጽ ነው። ለባለሙያ ይህ የተሟላ መልስ ነው። ነገር ግን ማዘጋጃውን ለሁለተኛ ጊዜ የሚሞክረው ጀማሪ ብዙውን ጊዜ የይለፍ ቃሉ የጠፋበት ሰው ነው። ያ ፎልደር ደግሞ የአምናውን መዝገብ የያዘ ሊሆን ይችላል። በቅድሚያ የቀረበለትን ምክር ቢከተል የአንድ ዓመት ሥራ በራሱ እጅ ያጠፋል። ስለዚህ በፍንጭ ውስጥ የምርጫዎች ቅደም ተከተል ራሱ ትምህርት ነው። ጉዳት የሌለው ምርጫ መቅደም አለበት፤ የሚያጠፋው ምርጫ ደግሞ ማጥፋቱ ተነግሮ በኋላ መምጣት አለበት። መምህርም በቤተ ሙከራ አሲድና ውሃ ስለ መቀላቀል ሲያስተምር ቅደም ተከተሉን የሚያጠብቀው ለዚሁ ነው።

ሦስተኛው ምሳሌ የይለፍ ቃልን የሚመለከት ነው። ማይኤስኪውኤል ከ5.7ኛው እትም ጀምሮ በተለመደው አዘጋጅቱ ለዋናው ተጠቃሚ ጊዜያዊ የይለፍ ቃል ራሱ ፈጥሮ በመዝገብ ፋይሉ ላይ ይጽፈዋል። ይህን መስመር ያላየ ሰው ለመግባት ሲሞክር 1045 የሚል ቁጥር ያለው የክልከላ መልእክት ይደርሰዋል። በመልእክቱ መጨረሻ የይለፍ ቃል ተልኮ እንደሆነና እንዳልሆነ «አዎን» ወይም «አይደለም» በሚል ይመለከታል። ይህች ቃል ትንሽ ብትሆንም ትልቅ ጥቅም አላት። «አይደለም» ካለ ተጠቃሚው የይለፍ ቃል ጨርሶ አልሰጠም ማለት ነው፤ «አዎን» ካለ ግን ሰጥቷል፤ ሆኖም ለዚያ ስም ተቀባይነት አላገኘም። ሁለቱ ችግሮች መፍትሔያቸው የተለያየ ነው። ነገር ግን ትርጉሟን ያልተማረ ሰው አያስተውላትም። በተጨማሪም የይለፍ ቃል ሲጻፍ በአንዳንድ ኮምፒዩተሮች መስኮት ላይ ምንም ምልክት ስለማይታይ ብዙ ጀማሪዎች የቁልፍ ሰሌዳው የተበላሸ ይመስላቸዋል። «ሲጽፉት አይታይም» የሚሉ ሁለት ቃላት ይህን ጭንቀት ያስቀራሉ።

በአንጻሩ ሊመሰገን የሚገባው መልእክትም አለ። ከፖስትግሬስኪውኤል ሰርቨር ጋር መገናኘት ሳይቻል ሲቀር፣ ግንኙነቱ እንዳልተሳካ ከተነገረ በኋላ ሰርቨሩ በዚያ ኮምፒዩተር ላይ በሥራ ላይ መሆን አለመሆኑን የሚጠይቅ ጥያቄ ይከተላል። ይህ በጥያቄ የማስተማር ዘዴ ነው። ተጠቃሚውን ሳይወቅስ መጀመሪያ ሊመረምረው ወደሚገባው ነገር ይመራዋል።

4. ስለ ቃላት ምርጫ

ከላይ የተጠቀሰው የፖስትግሬስኪውኤል መመሪያ ስለ ቃላት የሚሰጠው ምክር ለቋንቋ መምህራን የሚጥም ነው። ለምሳሌ የተሳሳተ ግቤትን «ሕገ ወጥ» ብሎ መጥራት እንደማይገባ ያሳስባል፤ ሕገ ወጥ የሚባለው ሕግ የተጣሰበት ድርጊት ነውና። ከዚያ ይልቅ ግቤቱ ለምን ተቀባይነት እንዳጣ መናገር ይሻላል።

እንደዚሁም መመሪያው አንድ ነገር ተሞክሮ ሳይሳካ ሲቀርና ነገሩ ከመሠረቱ የማይቻል ሲሆን መልእክቱ በተለያየ የግሥ ጊዜ እንዲጻፍ ያዛል። ይህ ልዩነት በአማርኛ እጅግ ግልጽ ሆኖ ይታያል። «ፋይሉን መክፈት አልተቻለም» ሲባል ሙከራ ተደርጎ አልተሳካም፤ ምናልባት ዲስኩ ሞልቶ ወይም ፈቃድ ጎድሎ ይሆናል፤ ሁኔታው ቢታረም ነገ ሊሳካ ይችላል። «ፋይሉን መክፈት አይቻልም» ሲባል ግን ፕሮግራሙ ያን ሥራ ጨርሶ አይሠራም ማለት ነው። የመጀመሪያውን ያነበበ ሰው ምክንያቱን ፈልጎ ደግሞ ይሞክራል፤ ሁለተኛውን ያነበበ ሌላ መንገድ ይፈልጋል። በአንድ ግሥ ምክንያት አንባቢው ወደ ተለያየ አቅጣጫ ይሄዳል።

5. የግእዝ ፊደልና የማዘጋጃ መልእክት

በአገራችን ተጠቃሚ ላይ በተለይ የሚደርስ አንድ ችግር አለ። ፖስትግሬስኪውኤል ሲዘጋጅ በኮምፒዩተሩ የቋንቋ ምርጫ መሠረት የፊደል አመዘጋገብ ሥርዓት ይመርጣል፤ የመረጠውንም በአንድ መስመር ይገልጻል። ብዙ ሰው ይህን መስመር ሳያነብ ያልፈዋል። ምርጫው ዩቲኤፍ 8 ከሆነ መልካም ነው፤ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዩኒኮድ ውስጥ የሚገኘው የግእዝ ፊደል በትክክል ይመዘገባል። የኮምፒዩተሩ ምርጫ «ሲ» የተባለው ቋንቋ የለሽ ሥርዓት ከሆነ ግን መስመሩ ኤስኪውኤል አስኪ የሚባለው እንደ ተመረጠ ይገልጻል። በዚህ ሁለተኛው ሥርዓት ፕሮግራሙ ፊደልን አይቆጥርም፤ ባይትን ይቆጥራል እንጂ።

አንድ የግእዝ ፊደል በዩቲኤፍ 8 አጻጻፍ ሦስት ባይት ይይዛል። ለተማሪው ስም 20 ቦታ የተመደበበት ሰንጠረዥ በዩቲኤፍ 8 ሥርዓት 20 ፊደል ሲቀበል፣ በሁለተኛው ሥርዓት ከ6 ፊደል በላይ አይቀበልም። «ገብረመድኅን» የሚለው ስም 7 ፊደል ነው፤ በባይት ሲቆጠር 21 ይሆናል። ስለዚህ ፕሮግራሙ ግቤቱ ከ20 በላይ ስለሆነ አልተቀበልሁም ይላል። ሬጂስትራሩ ሰባት ፊደል ቆጥሮ ኮምፒዩተሩ ያበደ ይመስለዋል፤ ወይም ስሙን አሳጥሮ «ገብረ» ብሎ ያስገባዋል። ከብዙ ዓመታት በኋላ ተማሪው የምስክር ወረቀት ሲጠይቅ ስሙ ከልደት ማስረጃው ጋር አልገጠመም ይባላል። የአመዘጋገብ ሥርዓቱ ከተወሰነ በኋላ ለማረም አዲስ የመረጃ ቋት አዘጋጅቶ መዝገቡን ሁሉ ማዛወር ስለሚጠይቅ፣ ያቺን አንድ መስመር በመጀመሪያው ቀን ማንበብ ብዙ ድካም ያስቀራል።

ሌላው መስመር ግን አያስጨንቅም። የኮምፒዩተሩ ቋንቋ አማርኛ ተብሎ ከተመረጠ፣ ማዘጋጃው ለዚያ ቋንቋ ተስማሚ የጽሑፍ ፍለጋ ቅንብር እንዳላገኘና ቀላል የተባለውን እንደሚጠቀም ይናገራል። ይህ መዝገቡን አይጎዳም። የአማርኛ ቃላትን ከነቅጥያቸው ወደ ሥራቸው መልሶ የሚፈልግ ክፍል የለም ማለት ብቻ ነው። ሁለቱ መስመሮች በአንድ ዓይነት ጽሑፍ፣ በአንድ ዓይነት ድምፀት ተከታትለው ይወጣሉ። አንዱ የተማሪን ስም የሚያስቆርጥ ነው፤ ሌላው ምንም የማይጎዳ ነው። አስፈላጊውን ከተራው ለይቶ ማሳየት የመልእክት ቀራጩ ግዴታ መሆን ያለበት በዚህ ምክንያት ነው።

6. መልእክትን በአማርኛ ስለ መጻፍ

ብዙ ፕሮግራሞች መልእክቶቻቸውን ከፕሮግራሙ ለይተው በልዩ የጽሑፍ ፋይል ስለሚያስቀምጡ፣ ቋንቋ አዋቂ የሆነ መምህር የፕሮግራም ሙያ ሳይኖረው በትርጉም ሥራ ሊሳተፍ ይችላል። በዚህ ሥራ የሚከተሉት ነጥቦች ቢታሰብባቸው መልካም ነው።

ሀ) ተጠቃሚውን በአክብሮት መጥራት። «አስገባ» ወይም «አስገቢ» ከማለት «ያስገቡ» ማለት ከአክብሮቱም በላይ የጾታን ችግር ያስወግዳል።

ለ) ፕሮግራሙ በመልእክቱ መካከል የሚያስገባውን ስም ከአማርኛ ቅጥያ ጋር አለማጣበቅ። የፋይሉ ስም አስቀድሞ ስለማይታወቅ «በ»፣ «የ» ወይም «ን» ሲጣበቅበት ተጠቃሚው ቅጥያውን የስሙ ክፍል አድርጎ ሊጽፈው ይችላል። «እገሌ የተባለውን ፋይል» በሚል አኳኋን ስሙን ለብቻው ማቆም ይሻላል።

ሐ) ትእዛዞችንና የስሕተት ቁጥሮችን አለመተርጎም። ተጠቃሚው ከሌላ ሰው እርዳታ ሲጠይቅ የሚያግባባው 1045 የሚለው ቁጥር ነው።

መ) አዲስ ቃል ከመፍጠር በፊት ውጤቱን በተለመደ ቃል መናገር። «መስኮቱ ሲዘጋ ይጠፋል» የሚለው ከማንኛውም የተፈጠረ ቃል ይበልጥ ይረዳል።

በአማርኛ የተባለው በኦሮምኛ፣ በትግርኛና በሌሎቹም የሥራ ቋንቋዎች ላይ እንደየጠባያቸው የሚሠራ ነው።

7. ምን ሊደረግ ይችላል?

በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች የኮምፒዩተር ትምህርት ሲሰጥ መልእክትን ማንበብ ራሱን የቻለ የትምህርት ክፍል ሊሆን ይገባዋል። መምህሩ አምስት ወይም ስድስት እውነተኛ መልእክቶችን በወረቀት አዘጋጅቶ፣ ሠልጣኞቹ በቡድን ሆነው ሦስቱ ጥያቄዎች የት እንደተመለሱ እንዲያሰምሩበት፣ ያልተመለሰውንም በራሳቸው ቋንቋ እንዲጽፉ ማድረግ ይችላል። ከዚያም በልምምድ መዝገብ ላይ ሆን ብለው ስሕተት እንዲሠሩና የሚመጣውን መልእክት እንዲመረምሩ ይደረጋል። ስሕተት አስቀድሞ በልምምድ የታየ ከሆነ በእውነተኛው ሥራ ላይ አያስደነግጥም። መምህሩ ራሱ «እሱን እለፉት» ማለቱን መተው አለበት፤ በአንድ ሥልጠና ላይ ሳይነበብ የታለፈ መስመር በየትምህርት ቤቱ ሳይነበብ የሚታለፍ መስመር ይሆናልና።

የዕቅድ አውጪዎች ድርሻም ቀላል አይደለም። ለትምህርት ቤቶች የመዝገብ ፕሮግራም ሲሠራ ወይም ሲገዛ፣ የመልእክቶቹ ጥራት በውል ውስጥ እንደ አንድ መመዘኛ ሊገባ ይገባዋል። ርክክብ ከመፈጸሙ በፊትም መልእክቶቹ ፕሮግራሙን በሚጠቀሙት ሬጂስትራሮች ፊት ቢፈተኑ፣ ጉድለቱ መዝገብ ከመጥፋቱ በፊት ይታያል።

ከላይ በተገለጸው ሥልጠና በማግሥቱ ጧት የኤስኪውላይት የመክፈቻ መልእክት በአማርኛ ተጽፎ፣ የጎደለው ዓረፍተ ነገርም ታክሎበት በሰሌዳው ላይ ተለጠፈ። ሬጂስትራሯ ቆመው አነበቡት። ከዚያም ተቀምጠው በመጀመሪያ የፋይሉን ስም ጻፉ፤ ሦስት ስም ብቻ አስገብተውም መስኮቱን ዘጉና መልሰው ከፈቱት። ሦስቱም ስሞች ነበሩ። ቀሪዎቹን 61 ስሞች በዚያው ዕለት ከምሳ በፊት አስገብተው ጨረሱ።

8. ማጠቃለያ

የማዘጋጃ መልእክት ፕሮግራም ሠሪው በመጨረሻ የሚያክለው ትርፍ ጽሑፍ ተደርጎ መታየት የለበትም። ምን እንደ ሆነ፣ ምን እንደሚያስከትልና ቀጥሎ ምን እንደሚደረግ የሚናገር መልእክት ተጠቃሚውን ከጥፋት ይጠብቃል፤ ከሦስቱ አንዱን የጎደለ፣ በተለይም ውጤቱን የማይናገር መልእክት፣ ትክክል ቢሆን እንኳ በቂ አይደለም። መምህራን ትምህርትን ለጀማሪ ማቅረብ ሙያቸው ስለሆነ በዚህ ሥራ ተመልካች ብቻ ሆነው ሊቀሩ አይገባም። በየኮሌጁና በየትምህርት ቤቱ ያጋጠሙ መልእክቶች ተሰብስበው፣ ጉድለታቸው ተለይቶ፣ ማብራሪያ ተጽፎላቸው ለሥልጠና ቢውሉ የሚወጣው ወጪ ወረቀትና ጥቂት ሰዓት ብቻ ነው፤ የሚተርፈው ግን የልጆች ስምና ውጤት ነው።